ካንዲማን (የ1992 ፊልም)

ካንዲማን እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣ የአሜሪካ አስፈሪ ፊልም ነው። የፊልሙን ጽሑፍ ያዘጋጀውና ዳይሬክት ያደረገው እንግሊዛዊው በርናርድ ሮዝ ሲሆን፣ መነሻው ክላይቭ ባርከር እ.ኤ.አ. በ1985 ያሳተመው «የተከለከለው» የተሰኘ አጭር ልብ ወለድ ነው። ዋና ተዋንያኑ ቨርጂኒያ ማድሰንና ቶኒ ቶድ ናቸው፤ ሙዚቃውን የደረሰው ፊሊፕ ግላስ ነው። ስሙ በአማርኛ «ከረሜላ ሰውዬ» እንደ ማለት ነው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ታሪኩ

ሄለን ላይል በቺካጎ የከተማ አፈ ታሪክ የምታጠና የድኅረ ምረቃ ተማሪ ናት። የከተማ አፈ ታሪክ የሚባለው ተናጋሪው «በጓደኛዬ ጓደኛ ላይ የደረሰ ነው» እያለ እንደ እውነት የሚያወራው፣ ባለቤቱ ግን የማይገኝ ወሬ ነው። ሄለን የሰማችው ወሬ እንዲህ ይላል፦ መስታወት ፊት ቆሞ «ካንዲማን» ብሎ 5 ጊዜ የተጣራ ሰው፣ በተቆረጠ ቀኝ እጁ ምትክ ሜንጦ የተተከለለት ሰው ከኋላው መጥቶ ይገድለዋል። የዩኒቨርሲቲው የጽዳት ሠራተኞች ደግሞ ካብሪኒ ግሪን በተባለው የድሆች መኖሪያ አንዲት ሴት በዚሁ ሰው እንደተገደለች ይነግሯታል።

በፊልሙ መሠረት ካንዲማን የባሪያ ልጅ ነበር። አባቱ ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ በጫማ ሥራ ስለ በለጸገ ተምሮ ሠዓሊ ሆነ። ምስሏን እንዲስል የተቀጠረላት ነጭ ልጅ ከእሱ ስታረግዝ፣ አባቷ ያሰማራቸው ሰዎች እጁን በመጋዝ ቆርጠው፣ ማር ቀብተው ለንብ ሰጡት።

ከየት መጣ?

በባርከር ድርሰት ታሪኩ የሚፈጸመው በእንግሊዝ አገር ነው፤ ጉዳዩም የመደብ ልዩነት እንጂ የቆዳ ቀለም አልነበረም። ወደ ቺካጎ አምጥቶ ገጸ ባሕርዩን ጥቁር ያደረገው ሮዝ ነው። በመስታወት ፊት መጣራቱም የመጣው ልጆች ከሚጫወቱት «ደም ለባሿ ሜሪ» ከሚባለው አፈ ታሪክ ነው። ሜንጦው በመኪና ውስጥ ያሉ ፍቅረኞችን ስለሚያሳድድ ባለ ሜንጦ እጅ ወንበዴ የሚወራውን የቆየ የአሜሪካ ወሬ ያስታውሳል።

ከሁሉ የሚያስደነግጠው ግን እውነተኛው ክፍል ነው። በሚያዝያ 1987 በቺካጎ፣ በሌላ የመንግሥት ኪራይ ቤቶች ሰፈር፣ አንዲት ሴት ሰዎች በመታጠቢያ ቤቷ ግድግዳ በኩል ሊገቡባት መሆኑን ለፖሊስ ደውላ ተናገረች። በጎን ለጎን ቤቶች መካከል ያለው ግድግዳ ክፍት ስለነበር የመድኃኒት ቁም ሳጥኑን ገፍቶ ማለፍ ይቻል ነበር። ፖሊሶች መጥተው በሩን አንኳኩ፤ መልስ ሲያጡ ሳይሰብሩ ተመለሱ። አስከሬኗ የተገኘው ከቀናት በኋላ ነው። ፊልሙ ይህንኑ አሠራር ይጠቀማል፦ ሄለን የራሷን መስታወት ስትነቅል ከጀርባው የጎረቤት ቤት ታያለች፤ የምትኖርበት ውድ አፓርታማ መጀመሪያ የተሠራው ለድሆች ነበርና። ልዩነቱ ግድግዳው ተለስኖ መሸጡ ብቻ ነው።

እንደዚህ ሲታይ የካብሪኒ ግሪን ነዋሪዎች ወሬ የዋህነት አይመስልም። በር ተቆልፎ ሰው ሲገደልና የሚሰማ ባለሥልጣን ሲጠፋ፣ በመስታወት የሚገባ መንፈስ ለሁኔታው የቀረበ መግለጫ ነው። ሄለን በስሙ በሚነግድ የወንበዴ አለቃ ስትደበደብ ፖሊስ ሰፈሩን ወዲያው ያጥለቀልቃል፤ ከዚያ በፊት ሁለት ነዋሪዎች ሲገደሉ ግን ማንም አልተንቀሳቀሰም። ይህን ራሷ ሄለን ታነሳዋለች። በመጨረሻም እሷው ስሟ በመስታወት ፊት የሚጠራ ሌላ አፈ ታሪክ ትሆናለች።

አቀባበልና ተከታታዮች

ፊልሙ በቶሮንቶ ፌስቲቫል ታይቶ በጥቅምት 1992 በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች ወጣ፤ በዚያም 25 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አስገባ። አንዳንድ ጥቁር የፊልም ባለሙያዎች፣ ነጭ ሴት የሚያሳድድ ጥቁር ጭራቅ የቆየ የዘረኝነት ምስል ነው ብለው ተቃውመውታል። ነቀፌታው ከንቱ አይደለም፤ ፊልሙ ግፉን የሚተርከው በነጭ ተመራማሪ ዓይን ነው። ሌሎች ደግሞ የቶድን ግርማ ሞገስ ያደንቃሉ። በቀረጻው ላይ የነበሩት እውነተኛ ንቦች ነበሩ፤ ቶድ ለእያንዳንዱ ንድፊያ ጉርሻ እንደተከፈለው ተናግሯል።

በ1995 እና በ1999 ተከታታዮች ወጡ። በ2021 ኒያ ዳኮስታ ከጆርዳን ፒል ጋር ተባብራ የጻፈችውን አዲስ ፊልም ዳይሬክት አድርጋ፣ በጥቁር ሴት ተዘጋጅቶ በአሜሪካ ገበያ አንደኛ የወጣ የመጀመሪያው ፊልም ሆነ። ታሪኩ የሚፈጸመው በዚያው ሰፈር ነው፤ የካብሪኒ ግሪን የመጨረሻው ረጅም ፎቅ ግን በ2011 ፈርሷል። ቶኒ ቶድ በኅዳር 2024 አርፏል።