«እንባ» የተባለችው ልጅ

በዋሂልም ሆነ በሌሎቹ የድሬዳዋ ገጠር ቀበሌዎች ልጆች አፋን ኦሮሞን የሚማሩት በላቲን ፊደል ነው። ኦሮምኛን በዚህ ፊደል ቀድመው ከጻፉት ሰዎች አንዱ ዮሐን ሉድቪግ ክራፍ የተባለ ጀርመናዊ ሚሲዮናዊ ነው፤ የሰዋስው መጽሐፉ በ1840 ታትሟል (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ክራፍ ሲነሳ ቋንቋ ይነሳል፣ የኬንያ ተራራ ይነሳል። ሥራው ቤቱን ምን እንዳስከፈለው የሚያነሳ ግን ጥቂት ነው።

ክራፍ ከባልደረባው ከኢዘንበርግ ጋር በታጁራ በኩል የአፋርን በረሃ አቋርጦ አንኮበር የደረሰው በ1839 ነው። የላከው የእንግሊዙ የቤተ ክርስቲያን ሚሲዮን ማኅበር ነበር። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በደህና ተቀበሉት። አማርኛ አጠና፣ ኦሮምኛ ተማረ፣ ጥቂት ልጆች ሰብስቦ አስተማረ። በ1841 የካፒቴን ሃሪስ የእንግሊዝ መልእክተኞች ቡድን ሸዋ ሲገባ ደግሞ ረዳቸው። ወንጌልን ከመንግሥት ጉዳይ ጋር ማቀላቀል ጣጣ አለው፤ ይህ ነገርም በኋላ ሳይጎዳው አልቀረም።

በ1842 ለማግባት ወደ ግብፅ ተነሣ። የታጨችለት ሮዚነ ዲትሪሽ የተባለች የባዝል ሴት ነበረች። በጎንደር በኩል ወደ ምጽዋ ሊያልፍ አስቦ ነበር፤ ነገር ግን የደብረ ታቦር ጦርነት ገና ማለፉ ስለነበር መንገዱ አልሆነለትም። ሲመለስ ቀደም ብሎ በደህና ያስተናገደው የወሎው ባላባት አዳራ ቢሌ አስሮ ያለውን ሁሉ ዘረፈው። ሦስት ዓመት በንጉሥ ጥላ ሥር የኖረው ሰው ከወሎ እስከ ምጽዋ እየለመነ ተጓዘ። የአገሬው ድሃ ያካፈለውን እየበላ ነው ከባሕር የደረሰው። ድህነትን ስለ ሌላው ሰው ሲሰብክ የኖረ ሰው በራሱ ሆድ ያወቀው ያን ጊዜ ይመስላል።

ግብፅ ላይ ተጋብተው በዓመቱ መጨረሻ ታጁራ ተመለሱ። የሸዋ በር ግን ተዘግቶ ጠበቃቸው፤ ንጉሡ እንዳይገባ ከልክለው ነበር። በ1843 በምጽዋ በኩል ወደ ትግራይ ሞከሩ። ሮዚነ እርጉዝ ነበረች።

ከምጽዋ ወደ ደጋው በሚወስደው የሳሆዎች በረሃ ምጧ ያለ ቀኑ መጣ። አጠገባቸው መንደር የለም፤ እንዲህ ባለው ሰዓት የምትደርስ አዋላጅም ሆነች ጎረቤት የለችም። ሴት ልጅ ተወለደች፤ የኖረችው ግን ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። አባቷ አጠመቃትና ስም አወጣላት። በጀርመንኛ ወይም ከመጽሐፍ ቅዱስ አልነበረም ያወጣው፤ በአማርኛ «እንባ» አላት። ከመንገዱ ዳር አንድ ዛፍ ሥር ቀበራት። መንገድ መሪዎቹ ከዚያ በላይ አንጠብቅም ስላሉ እናቲቱ በወለደች በሦስተኛው ቀን ጉዞ ቀጠለች። በእኛ አገር አራስ ስንት ቀን እንደምትተኛ፣ ገንፎውን፣ የጎረቤቱን እልልታ የሚያውቅ አንባቢ ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ዝም ብሎ አያልፈውም።

ያ ሁሉ ተከፍሎም ትግራይ አልተቀበለቻቸውም። በደጃዝማች ውቤ ግዛት መቆየት ስላልተፈቀደላቸው ተመልሰው ወጡ።

ክራፍ ግን ኦሮሞዎችን ለማግኘት ያለው ሐሳብ አልቀዘቀዘም። በሰሜን ያልተቻለው በደቡብ፣ ከሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ ተነሥቶ ይቻላል ብሎ አሰበ። በ1844 መጀመሪያ ዛንዚባር ደርሶ ከሱልጣን ሰዒድ የማለፊያ ደብዳቤ ተቀበለ፤ በግንቦት ሞምባሳ ተቀመጡ። ሰኔ ላይ ኦሪት ዘፍጥረትን ወደ ስዋሂሊ መተርጎም ጀመረ። ሐምሌ ላይ ሮዚነ ሌላ ሴት ልጅ ወለደች፤ ወዲያው ወባ ጣላት። ክራፍም በዚያው ትኩሳት ተይዞ ተኝቶ ስለነበር ሊያስታምማት እንኳ አቅም አልነበረውም። ሐምሌ 13 ቀን ሞተች። ሕፃኗም ብዙ ሳትቆይ ተከተለቻት። በሮዚነ ፈቃድ የተቀበሩት ከደሴቲቱ ማዶ፣ ሰው በሚያልፍበት መንገድ አጠገብ ነው።

ክራፍ ከዚያ በኋላ ለማኅበሩ በጻፈው ደብዳቤ ይህ ብቸኛ መቃብር የሥራው መጀመሪያ ምልክት እንደሆነ፣ ጊዜውም እንደቀረበ ገለጸ። ያ ደብዳቤ በአውሮፓ አብያተ ክርስቲያናት ብዙ ጊዜ ተነቧል፤ ወጣቶችንም ለአገልግሎት አነሣስቷል። እምነቱን መጠራጠር አይቻልም። ነገር ግን ደብዳቤው ሐዘኑን ቶሎ ወደ ጥሪ ይለውጠዋል። በበረሃው የወጣው ስም ከደብዳቤው ይልቅ እውነት ይናገራል፤ ምንም አያጽናናም፣ ምንም ተስፋ አይሰጥም፣ የሆነውን ብቻ ይጠራል።

በ1846 ረብማን የተባለ ባልደረባ መጣለት። ረብማን በ1848 ኪሊማንጃሮን፣ ክራፍ ራሱ በ1849 የኬንያን ተራራ አዩ። አውሮፓ ውስጥ በምድር ወገብ አካባቢ በረዶ አለ ሲሉ የሳቀባቸው ብዙ ነበር። ጤናው ተሰብሮ ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ ክራፍ ሌላ ሚስት አገባ፤ በ1881 እስኪሞት ድረስም ኮርንታል ኖረ። በእርጅናው ከያዛቸው ሥራዎች አንዱ የአማርኛውን መጽሐፍ ቅዱስ ለሕትመት ማረም ነበር። እንባ የሚለው ቃል በመዝሙረ ዳዊት ብቻ ደጋግሞ ይመጣል።