ቆሟል ወይስ እየተንፏቀቀ ነው?

ስኳር ሻይ ውስጥ ጨምራችሁ ባታማስሉት እንኳ ቆይቶ ይሰራጫል። የጋለ ብረትም ሙቀቱን ለጎረቤቱ ያካፍላል። ፊዚክስ "ሁሉም በመጨረሻ ይቀላቀላል" የሚለውን ነገር አምኖ ኖሯል። እስቲ ይህ እምነት የተነቀነቀበትን ታሪክ ላውጋችሁ (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)።

በ1950ዎቹ አሜሪካ፣ ቤል ላቦራቶሪ ውስጥ ጆርጅ ፌር ፎስፎረስ የተጨመረበትን ሲሊከን ይመረምር ነበር። የኤሌክትሮኖቹ ስፒን ቶሎ መረበሽ ሲገባው ለረጅም ጊዜ እንዳለ ቆየ። ግራ የሚያጋባ ነገር ነው። እዚያው የሚሠራው ፊሊፕ አንደርሰን በ1958 መልስ ሰጠ፤ ኤሌክትሮን ሞገድ ነው፣ አተሞቹ የተዘበራረቁ ከሆኑ ሞገዱ በየአቅጣጫው ይነጥርና ራሱን በራሱ ያጣፋል፣ በመጨረሻም ከተነሣበት አካባቢ አይርቅም። ልብ በሉ፣ ጉድጓድ ውስጥ ወድቆ አይደለም። ለመሄድ የሚበቃ ጉልበት እያለው ነው የሚቀረው!

ጽሑፉን ያኔ ከቁም ነገር የቆጠረው ጥቂት ሰው ነው። አንደርሰን በ1977 ኖቤል ሲሸለም፣ መጀመሪያ ላይ ነገሩ በደንብ ካልገባቸው ሰዎች አንዱ እሱ ራሱ እንደነበር ተናግሯል። እንዲህ የሚል ሊቅ ደስ ይለኛል።

ግን ስሌቱ አንድ ትልቅ ነገር ትቷል። ኤሌክትሮን ብቻውን አይኖርም፤ ከጎረቤቶቹ ጋር ይገፋፋል። አንዱ ከሌላው ጉልበት ተበድሮ ቢዘልስ? በ2006 ባስኮ፣ አላይነር እና አልትሹለር ረጅም ስሌት ሠርተው፣ መገፋፋቱ ደካማ ከሆነ ከተወሰነ ሙቀት በታች ሁሉም ባለበት ይቀራል አሉ። በ2015 ሙኒክ ውስጥ የኢማኑኤል ብሎኽ ቡድን እጅግ የቀዘቀዙ የፖታሲየም አተሞችን በሌዘር በተሠራ መደዳ ላይ አንድ ቦታ እየዘለለ ደረደረ። መደዳው ወጣ ገባ ሲሆን፣ አተሞቹ እየተገፋፉም ቢሆን የመጀመሪያ አሰላለፋቸው ሳይጠፋ ቆየ። ብዙዎች "አለቀ፣ ተረጋገጠ" አሉ።

አላለቀም። በ2019 የስሎቬኒያ ተመራማሪዎች በኮምፒውተር አስልተው፣ ቆመ የተባለው ነገር እጅግ ቀስ ብሎ እየሄደ እንጂ አልቆመም የሚል ክርክር አነሡ። በእኛ አማርኛ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ነው ነገሩ። ችግሩ ኮምፒውተሩም ዳኛ መሆን አቃተው። 20 ስፒን ማለት ከ1 ሚሊዮን በላይ ሁኔታ ነው፤ 30 ሲሆን ከ1 ቢሊዮን ያልፋል። በዚህች ትንሽ ናሙና ስለ ትልቁ መፍረድ ያስቸግራል። ሙከራውም ቢሆን አተሞቹን የሚያቆየው ለአጭር ጊዜ ነው።

እኔን የሚያሳምነኝ ዴ ሩክ እና ሁቬነርስ በ2017 ያነሡት ሐሳብ ነው። ሰፊ በሆነ ዝብርቅርቅ ውስጥ በአጋጣሚ ረጋ ያለ ሥፍራ አይጠፋም። እዚያ ያሉት ቅንጣቶች ይቀላቀላሉ፤ ከዚያ እንደ ሰደድ እሳት ጎረቤታቸውን እያስከተሉ ይሰፋሉ። ስለዚህ በአንድ መስመር ላይ፣ መዘበራረቁ ከበረታ፣ መቆም ይቻላል ብዬ አስባለሁ። ከዚያ በሰፋ ቦታ ግን እጠራጠራለሁ።

አንደርሰን በመጋቢት 2020፣ በ96 ዓመቱ አረፈ። ክርክሩ ያኔ ገና መጋሉ ነበር።