የጎሬ ጦር በሰንጠረዥ ጨርቅ ላይ

ጠጋ ጠጋ በሉማ! የማወጋችሁ የጦር ወሬ ነው፤ ደም ግን አልፈሰሰበትም። ጦርነቱ የተካሄደው መቱ ከተማ፣ አንድ ቡና ቤት ውስጥ፣ ሁለት ጠረጴዛ ገጥመው ባነጠፉት ቀይ ጨርቅ ላይ ነው።

ጨርቁ የሰንጠረዥ ጨርቅ ነበር። ዛሬ ቼዝ ሲባል ነጭና ጥቁር ቤት ነው ዓይናችን ላይ የሚመጣው። የአባቶቻችን ሰንጠረዥ ግን ቀይ ጨርቅ ተነጥፎ፣ ጥቁር ወይም ሰማያዊ ቅዳጅ ወዲያና ወዲህ ይሰፋበትና 64 ቤት ይወጣዋል፤ የቤቶቹ ቀለም አንድ ነው። ንጉሡ ይቆማል፤ ከጎኑ ፈርዝ፣ ከዚያ ፊል፣ ፈረስ፣ ዳር ላይ ደር፣ ከፊት ስምንት መደቅ። ፈርዙ እንደ ዛሬዋ ንግሥት ሜዳውን አያካልልም፤ በሰያፍ አንዲት ቤት ብቻ ይራመዳል። ፊሉ በሰያፍ ሁለተኛው ቤት ላይ ዘሎ ያርፋል፤ መሐል ላይ ማንም ቢቆም አያግደውም።

የጨዋታው ነፍስ ግን ወረራው ነው። ሁለቱ ተጫዋቾች «አንተ ቅደም፣ እኔ ልከተል» አይባባሉም። ሁለቱም እኩል እጃቸውን ይሰዳሉ። አንዱ ሦስት ጠጠር ሲያንቀሳቅስ ሌላው አምስት ቢያንቀሳቅስ ከልካይ የለውም። ዓይን የባላጋራን እጅ ይከተላል፣ እጅ የራስን ጦር ያሰልፋል። የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ወረራው ያበቃና ከዚያ ወዲያ ጨዋታው በተራ ይሆናል። ማሸነፍም ማዕረግ አለው፦ በደር ወይም በፈረስ ማት ማድረግ ብዙ አያስወድስም፤ በፈርዝ ወይም በፊል ከሆነ ያስመሰግናል፤ መደቆች ተባብረው ንጉሡን ሲይዙት ግን ቤቱ በአድናቆት ይናጣል። ተመልካቹም ዝም ብሎ አያይም፤ ይመክራል፣ ይጮኻል።

በውጭው ዓለም የጠረጴዛ ላይ ጦርነት ትልቅ ነገር ነው። የፕራሻ መኮንኖች ከ1824 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በካርታ ላይ ጦር እያንቀሳቀሱ ሠልጥነዋል። በ1913 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች. ጂ. ዌልስ በአሻንጉሊት ወታደር የሚጫወቱበትን ሕግ በመጽሐፍ አወጣ። በዚያው ዓመት ሃሮልድ መሪ የጻፈው የቼዝ ታሪክ የእኛን ሰንጠረዥ ከነወረራው መዘገበ። ዛሬ ለንደን ውስጥ ከ1972 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚዘጋጅ ትልቅ ትርዒት አለ፤ ቁመታቸው 28 ሚሊሜትር ገደማ የሆነ ቀለም የተቀቡ ወታደሮች በጠረጴዛ ላይ ይሰለፋሉ። የውጭዎቹ ተጫዋቾች ሁለት ጦር እኩል የሚንቀሳቀስበትን ዘዴ ለማግኘት ትእዛዝ በወረቀት ጻፉ፣ ዳኛ አቆሙ። የእኛዎቹ መኳንንት ይህንኑ ያለ ወረቀትና ያለ ዳኛ አደረጉት፤ ይህ በሰፊው ሊነገርልን ይገባል እላለሁ።

ወደ መቱ ልመልሳችሁ። ያን ቀን ጨርቁ አገር ሆኖ ነበር። አንድ መምህር ከላይ ወደ ታች ሰማያዊ ክር ዘረጋ፤ ነጭ አባይ ነው። ከቀኝ በኩል ሌላ ክር ገጠመበት፤ ባሮ ሶባት ተብሎ ወንዙን ሲገናኝ ነው። በቀኝ ዳር የቡና ሲኒ ደፋ፤ ጎሬ ናት። አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ጥሬ ቡና ዘግና ሲኒው ሥር አሰለፈች፤ የደጃዝማች ተሰማ ናደው ጦር። መምህሩ በበቆሎ ፍሬ የፈረንሳዩን ሻለቃ ማርሻንን ከምዕራብ አመጣ። ሌላ ልጅ በቦሎቄ የእንግሊዙን ጦር አዛዥ ኪችነርን ከሰሜን አስነሣ። ሕጉ የወረራ ሕግ ሆነ፦ ሁለት ጦር እስኪገናኝ ተራ የለም።

ይህ የሆነ ታሪክ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ድንበራቸው ነጭ አባይ መሆኑን በ1883 ዓ.ም. ለአውሮፓ መንግሥታት በደብዳቤ አስታውቀው ነበር፤ በ1890 ተሰማን ወደ ወንዙ ላኩ። ማርሻን ከኮንጎ ተነሥቶ በጫካና በረግረግ ይጓዛል፤ የኪችነር ጦር ሱዳንን እየያዘ ይወርዳል። ማንም የማንንም ተራ አልጠበቀም።

ተማሪዋ ቡናዋን ከደጋው አውርዳ ቆላው ላይ ስትነዳ፣ ከጎሬ የመጡ አንድ አዛውንት ከወንበራቸው ተነሡ።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ተይ! ክረምት ገባ እኮ፤ ወንዙ ይሞላል፣ ወባውም አይምርም!»

«አባባ፣ ታዲያ ምን ላድርግ? እነሱ እየመጡ ነው!»

በቆላው ለምታልፈው ለእያንዳንዷ ቤት አንዳንድ ፍሬ ከሰልፏ ይነሣ ነበር፤ የወባው ሕግ ነው። እጇ ፈጠነ። ጦሯን ከፍላ ጥቂት ፍሬ ወደ ሶባት አፍ ላከች። ሰኔ 1890 ላይ እውነተኛው ጦርም እንዲሁ አድርጓል። ከሠራዊቱ ተለይቶ የቀደመው ቡድን፣ አብረውት ከነበሩት ከሩሲያው ኮሎኔል አርታሞኖቭና ከሁለት የፈረንሳይ ተልእኮ አባላት ጋር ነጭ አባይ ዳር ደረሰ፤ ሰንደቅ ዓላማ ተከለ። በሽታና ረኀብ ግን አላስቆየውም፤ ተመለሰ። ማርሻን በነጭ አባይ ዳር ያለችው ፋሾዳ የገባው ከዚያ ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ነው፤ ኪችነር ደግሞ በመስከረም 1891 መድፍ ጀልባዎቹን ይዞ ደረሰ።

«ሦስት ሳምንት ቢቆዩ ኖሮ!» አለ አንዱ ተመልካች። ይህን ቃል ብዙ ሰው ይለዋል፤ ደጋ ለለመደ ወታደር በዚያ ክረምት ሦስት ሳምንት ምን ማለት እንደሆነ ሳያስብ ነው የሚለው። ልጅቷ ነገሩን በእጇ አሳየችው። የቀረውን ቡና ወንዝ ዳር አቆመችና በዚያው በወባው ሕግ ለየሳምንቱ ፍሬ አነሣች። በቆሎው ፋሾዳ ሲደርስ ከሰልፏ የቀረው በጣት የሚቆጠር ነበር፤ ሁሉም ጎንበስ ብሎ ቆጠረው። ሰውየው ሌላ አልተናገረም። እኔ ተሰማን ከሚወቅሱት ወገን አይደለሁም፤ ሰው ማትረፍም የጦር አዛዥ ሥራ ነው።

ማርሻንም በታኅሣሥ ፋሾዳን ለቆ በሶባትና በባሮ ሽቅብ ወጣ፤ ጎሬን አልፎ፣ አዲስ አበባን አቋርጦ ጅቡቲ ወረደ። ድንበሩ በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በውል ተበጀ፤ በዚያው ውል ባሮ ላይ የንግድ ጣቢያ ተፈቀደና የጎሬ ቡና በጋምቤላ በኩል በእንፋሎት መርከብ ካርቱም መውረድ ጀመረ።

አዛውንቱ ጨርቁ ሲጠቀለል አላስጠቀልልም አሉ። ሌላ ጦርነት ይዘው ነው የመጡት። በ1928 ኢጣሊያ አገሪቱን ስትወር ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከአገር ሲወጡ ጎሬ የመንግሥት መቀመጫ ሆና ነበር፤ ራስ እምሩ ከዚያ ተነሥተው ሲዋጉ ከርመው በታኅሣሥ 1929 በጎጀብ ወንዝ አካባቢ ተያዙ። አዛውንቱ ቀጣዩ ጨዋታ ጎሬ ላይ ካልሆነ አልቀበልም አሉ። መምህሩ አውሮፕላን ያለው ጠላት በወረራ ሕግ እንዴት ይሰለፋል ብሎ ጠየቀ። ተማሪዋ «አውሮፕላኑ ጫካ ውስጥ አያይም፤ የእኛ አገር ደግሞ ጫካ ነው» ብላ ጨርቁ ላይ ቅጠል መደርደር ጀመረች፤ የቡና ቤቱ ባለቤትም መብራቱን አብርተውላቸው ሌላ ጀበና ጣዱ።