ሴባስቶፖልን አስታወስን፣ ማነጣጠሪያውን ረሳን

የጦር መሣሪያ ታሪካችን ሲነሣ የምናወራው ስለ ስምና ስለ ብዛት ነው። ውጅግራ፣ ስናይድር፣ ምንሽር፣ ቤልጅግ፣ ክላሽ እያልን እንዘረዝራለን። ማን ስንት ጠመንጃ አሰለፈ፣ ማን ከማን ማረከ ብለን እንከራከራለን። አፈሙዙ ጫፍ ላይ የቆመችውን ትንሽ ብረትና ከኋላ ያለችውን ስንጥቅ ግን የሚያነሣ የለም። ሁለቱን አስተካክሎ የሚያይ ዓይን ከሌለ የቀረው ሁሉ ብረትና ጩኸት ነው። በእኔ እምነት ብዙ ጊዜ ያጣነው መሣሪያን ሳይሆን ማነጣጠርን ነው።

ከራሳችን ሰፈር እንጀምር። ከወረታ ተነሥቶ ደብረ ታቦር የወጣ ሰው ጋፋት አጠገብ ደረሰ ማለት ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ቴዎፍሎስ ቫልድማየርንና ሌሎች አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎችን ሰብስበው መድፍ ያሠሩት እዚያ ነው። የሥራው መደምደሚያ 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል ነበር። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ፣ በሰው ጉልበት እየተጎተተ፣ መንገድ እየተጠረገለት መቅደላ ለመድረስ ስድስት ወር ያህል ፈጀበት። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ድንጋይ እያነሡ መንገድ ጠርገዋል። ይህን ጽናት የሚያቃልል ሰው ታሪክ አልገባውም።

ነገር ግን ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በስቅለት ዕለት፣ እሮጌ ላይ የሆነውን እንይ። የቴዎድሮስ መድፎች ከፋላ ከፍታ ወደ ታች ተኮሱ። አብዛኛው አረር በእንግሊዞቹ አናት ላይ አለፈ። ከከፍታ ቁልቁል የሚተኩስ ሰው እንደ ሜዳ ካነጣጠረ አረሩ ከዒላማው በላይ ያልፍበታል፤ ዝቅ ማድረግ አለበት። ይህ ደግሞ በጀግንነት ሳይሆን በልምምድ የሚገኝ ዕውቀት ነው። በአንጻሩ ከእንግሊዞቹ ወገን የነበረው የ4ኛው ሬጅመንት ወታደር ከኋላ የሚጎርስ ስናይድር ይዞ ነበር። የኋላ ማነጣጠሪያው እንደ ርቀቱ ከፍና ዝቅ ይላል፤ ወታደሩም አጠቃቀሙን ተምሮታል። ፊታውራሪ ገብርዬ ሜዳው ላይ ወደቁ። ከቴዎድሮስ ወገን 700 ያህል ሰው ሲሞት፣ ከእንግሊዞቹ 20 ያህል ቆስለው የሞቱት 2 ነበሩ። ሴባስቶፖል እስከ ዛሬ መቅደላ ላይ አለ፤ ለመውሰድ የሚከብድ ነበርና ትተውት ሄዱ።

«ልዩነቱ የመሣሪያው ዘመናዊነት ነው» የሚል ይኖራል። በከፊል እውነት ነው። ግን ከዚያ በኋላ የመጣውን እናስተውል። እንግሊዞቹ ሲወጡ ለደጃዝማች ካሳ ምርጫ፣ ኋላ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ለተባሉት፣ 12 መድፍና 850 ያህል ጠመንጃ ሰጡ። ጠመንጃዎቹ ያረጁ ነበሩ። ካሳ ግን ጆን ከርክሃም የሚባል እንግሊዛዊ ቀጥረው ወታደሮቻቸውን አሠለጠኑ። በ1863 ዓ.ም. ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ በቁጥር እጅግ የሚበልጥ ጦር ይዘው አድዋ አጠገብ አሳም ላይ ገጠሙ፤ ተሸንፈው ተማረኩ። እዚህ ላይ የፈረደው ብዛት አልነበረም።

ወደ ሽጉጥ እንምጣ። ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ራሳቸውን የሰዉበት ሽጉጥ ከንግሥት ቪክቶሪያ የተላከላቸው ስጦታ ነበር። ሽጉጥ በእኛ ዘንድ ከጥንትም ስጦታና የክብር ዕቃ ነው፤ በወገብ ይታያል፣ በፎቶ ይነሣል። በሌላው ዓለም ሽጉጥ የገዛ ሰው የፋብሪካውን ማነጣጠሪያ አውልቆ ሌላ ይገጥማል። በጨለማ የምታበራ ነጥብ ያላት አለች፣ ሰፊ ቀለበት የሆነች አለች፣ እንደ ሸለቆ ወደ ጎን የተከፈተች አለች። ምርጫው ብዙ ነው፤ ሒሳቡ ግን አይለወጥም። በማካሮቭ ሽጉጥ ላይ ከፊቷ ብረት እስከ ኋላው ስንጥቅ ያለው ርቀት 130 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። የፊቷ ብረት ከመሃል 1 ሚሊ ሜትር ብትዛነፍ፣ ጥይቱ 25 ሜትር ላይ 19 ሳንቲ ሜትር ይስታል። ክላሽ ላይ ርቀቱ 378 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ያው ስሕተት ወደ 7 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። የሚያበራ ነጥብ እጅን አያጸናም። አጭር መሣሪያ ትልቅ ስሕተት እንደሚያመጣ ያልተረዳ ሰው የፈለገውን ቢገጥም ያው ነው።

ይህ ሁሉ የቁሐር ሚካኤልን ሰው ምን አገባው? በጣም ያገባዋል። በሠርጉም በለቅሶውም ወደ ሰማይ ይተኮሳል። ወደ ሰማይ የሚተኩስ ሰው ማነጣጠሪያውን አያይም፤ ዒላማ የለውምና። ጥይቱ ግን ሰማይ ላይ አይቀርም። የክላሽ ጥይት እስከ 3 ኪሎ ሜትር ሊጓዝ ይችላል። የፎገራ ሜዳ ደግሞ እስከ ጣና ዳርቻ ዝርግ ነው፤ ጥይት የሚያስቀር ኮረብታ የለውም። በጥር ሠርግ ሲደምቅ ሩዝ የሚወቃ ገበሬ አውድማ ላይ ነው፣ ከብት የሚጠብቅ ልጅ ሜዳ ላይ ነው። «ተባራሪ ጥይት ነው» ስንል ጥይቱ በራሱ ፈቃድ የመጣ እናስመስለዋለን። ተባራሪ ጥይት የሚባለው ግን ተኳሹ የት እንደሚያርፍ ያልጠየቀበት ጥይት ነው።

አያቶቻችን ጥይት ውድ ስለነበረ አንዷን እንኳ በከንቱ መጣል ይቆጫቸው ነበር፤ ሰውም በዒላማ ተኳሽነቱ ይከበር ነበር። ያን ክብር መመለስ እንችላለን። የአገር ሽማግሌዎች፣ የደብር አባቶችና የሙሽራ ቤተሰቦች «በድግሳችን ተኩስ የለም» ቢሉ አዋጅ መጠበቅ አያስፈልጋቸውም። የማነጣጠር የመጀመሪያው ትምህርት የትኛው ብረት ይሻላል የሚለው አይደለም፤ ከፊቴ ምን አለ፣ ከዚያስ ወዲያ ማን አለ ብሎ መጠየቅ ነው። መልሱን የማያውቅ ሰው ምላጩን መንካት የለበትም።