የአልኬሚ ምልክቶችና የኬሚስትሪ ፊደል

የኬሚስትሪን ትምህርት የሚጀምር ተማሪ ብረትን «ኤፍ ኢ»፣ ባዜቃን «ኤች ጂ» ብሎ እንዲይዝ ይታዘዛል። ፊደላቱ ከአማርኛውም ሆነ ከእንግሊዝኛው ስም ጋር ለምን እንደማይዛመዱ ግን ብዙ ጊዜ ሳይብራራለት ይታለፋል። ስለዚህ ምልክቱን እንደ ድግምት በቃሉ ይሸመድደዋል። በእርግጥም የኬሚስትሪ ምልክቶች ታሪክ የሚጀምረው ምሥጢርን ለመሰወር ከተጻፉ ድርሳናት ነው።

አልኬሚ ተራ ማዕድናትን ወደ ወርቅ ለመለወጥና ዕድሜን የሚያራዝም መድኃኒት ለማግኘት ለብዙ ዘመናት የተደረገ ጥረት ነው። ከቀደምት ጸሐፊዎቹ አንዱ በ300 ዓመተ ምሕረት ገደማ (ዘመናቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የነበረው ግብፃዊው ዞሲሞስ ነው። ዕውቀቱ በዓረቦች እጅ ከበለጸገ በኋላ በ12ኛው መቶ ዓመት ወደ ላቲን እየተተረጎመ አውሮፓ ገባ። «አልኮል» የሚለው ቃል እንኳ በአማርኛ «ኩል» ከሚባለው ጋር አንድ ከሆነ የዓረብኛ ቃል የመጣ ነው።

በጥንቱ ዘመን የታወቁት ማዕድናት ሰባት፣ በሰማይ ይዞራሉ የሚባሉት አካላትም ሰባት ስለ ነበሩ ጠቢባኑ አንዱን ለአንዱ መደቡ። ወርቅ የፀሐይ ሆኖ ነጥብ ባለው ክብ፣ ብር የጨረቃ ሆኖ በማጭድ ቅርጽ ተጻፈ። ቆርቆሮ ለጁፒተር፣ እርሳስ ለሳተርን፣ ባዜቃ ለሜርኩሪ ተሰጠ። መዳብ የቬነስን፣ ብረት የማርስን ምልክት ያዘ፤ እነዚህ ሁለቱ ዛሬ በባዮሎጂ መጽሐፍ እንስትንና ተባዕትን የሚያመለክቱት ናቸው። ወደዚያ ያስገባቸው በ18ኛው መቶ ዓመት ስዊድናዊው ሊኔየስ ነው።

ይሁን እንጂ ትርጉሙ እንዲህ ግልጽ ሆኖ አልቀረም። «ባዜቃ» እና «ድኝ» ሲባል ዕቃዎቹን ብቻ ሳይሆን የማዕድናት ሁሉ መሠረት ናቸው የተባሉትን ሁለት ባሕርያትም ያመለክት ነበር። «አረንጓዴው አንበሳ» በአንዱ ደራሲ ዘንድ አንድ ነገር፣ በሌላው ዘንድ ሌላ ነው። ሙያውን ከመጠበቅ ሌላ የሕግም ፍርሃት ነበረበት፤ በእንግሊዝ ወርቅና ብርን «ማብዛት» የሚከለክለው የ1404 ሕግ እስከ 1689 ጸንቶ ቆይቷል። የሐምቡርጉ ሄኒግ ብራንት በ1669 ወርቅ ሲፈልግ ከሽንት ፎስፈረስን አገኘ፤ አሠራሩን ግን ደብቆ ቆይቶ በገንዘብ ሸጠው። የአንዱን ሙከራ ሌላው ደግሞ ሊመረምረው ካልቻለ ስሕተቱም ሊታረም አይችልም።

ለውጡ የተጀመረው ምልክቱን በመጣል አይደለም። ጆፍሯ በ1718 ለፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ ያቀረበው ሠንጠረዥ በእነዚያው ጥንታዊ ምልክቶች የተሞላ ነው። ልዩነቱ የእያንዳንዱ ፍቺ ከግርጌው መጻፉ ነው፤ ይህ ትንሽ የሚመስል ጭማሪ ነገሩን ሁሉ ለወጠው። በ1787 ላቩዋዚየና ባልደረቦቹ የንጥረ ነገሮችንና የውሁዶችን አሰያየም በሥርዓት አወጡ። በ1808 እንግሊዛዊው ዳልተን ለየአቶሙ ልዩ ልዩ ክብ ሣለ፤ በ1813 እና በ1814 ደግሞ ስዊድናዊው በርዜሊየስ ለመጻፍም ለማተምም የሚቀለውን የላቲን ስሞች መነሻ ፊደል መረጠ። «ኤፍ ኢ» የፌሩም፣ «ኤች ጂ» የሃይድራርጂሩም ምልክት የሆነው በዚህ መንገድ ነው፤ የኋለኛው ስም ፍቺ «የውሃ ብር» ነው።

ዳልተን አዲሱን ፊደል እስከ ዕድሜው ፍጻሜ አልተቀበለውም። በ1837 በጻፈው ደብዳቤ ጀማሪ ተማሪ ይህን ከሚያጠና ዕብራይስጥ ቢማር እንደሚቀለው አማርሯል።