ሙዚቃ ብቻ

አባቴ ባረፈ በዓመቱ የቤቱን ዕቃ ስናስተካክል፣ ከቁም ሣጥኑ ሥር በጫማ ካርቶን የታጨቁ ካሴቶች አገኘሁ። በአብዛኞቹ ሽፋን ላይ የድምፃዊው ፎቶግራፍና ስም በትልቁ ታትሟል። አንደኛው ግን ሽፋንም ፎቶግራፍም የለውም። በላዩ በተለጠፈችው ቁራጭ ወረቀት ላይ በአባቴ የእጅ ጽሕፈት ሁለት ቃላት ሰፍረዋል፤ «ሙዚቃ ብቻ»።

ይህች «ብቻ» የምትል ቃል ለረጅም ጊዜ ስትከነክነኝ ቆየች። በእኛ ዘንድ ሙዚቃ ቃል ከሌለው አንዳች ነገር የጎደለው ይመስላል። ዘፈን ስንሰማ አስቀድመን «ግጥሙ ምን ይላል?» ብለን እንጠይቃለን። በቅኔ ያደገ ጆሮ ሰሙን ሲሰማ ወርቁን ይፈልጋል፤ መሰንቆውም ቢሆን ለአዝማሪው ግጥም መንገድ ጠራጊ ተደርጎ ይታያል። እኔም ግጥም እሞካክራለሁና ከዚህ ነቀፋ አላመልጥም። በልጅነቴ አባቴ ያንን ካሴት ሲያጫውት «ዘፋኙ መቼ ነው የሚገባው?» እለው ነበር። እሱም ፈገግ ብሎ «ገብቷል እኮ! አንተ ነህ ያልሰማኸው» ይለኝ ነበር።

ካሴት ማጫወቻ ከጎረቤት ተውሼ አዳመጥኩት። ገና ጥቂት እንደሄደ ሳክስፎኑና ትራምፔቱ አንድነት ሆነው የሚመላለሱበት፣ እባብ እንደሚሄድ የሚጠማዘዝ ዜማ መጣ። ወዲያው ለየሁት። ከመካኒሳ ወደ ሜክሲኮ በምሳፈርበት ታክሲ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። አንድ ጠዋት ረዳቱን «ይህ ዜማ የማን ነው?» ብለው «ሙዚቃ ነዋ ወንድም!» አለኝ። አጠገቤ የተቀመጡ፣ በጣታቸው ጉልበታቸውን እየመቱ ያዳምጡ የነበሩ አዛውንትም «ከወጣትነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ የማን እንደሆነ ግን ጠይቄም አላውቅ» አሉ። እኔ በባንክ ቤት ቀኑን ሙሉ ፊርማ ሳመሳክር የምውል ሰው ነኝ። ፊርማ የሌለው ቼክ አይከፈልም። ይህ ዜማ ግን ሃምሳ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ያለ ፊርማ ሲመነዘር ኖሯል።

ስለዚህ ባለፊርማዎቹን ፍለጋ ተነሣሁ። ዜማው «ሙዚቃዊ ስልት» ይባላል። የደረሰው ግርማ በየነ ነው፤ የተጫወተው ዋልያስ ባንድ፤ የወጣውም እ.ኤ.አ. በ1977 «ቼ በለው» በተሰኘው አልበም ነው።

የዋልያስን ታሪክ ለመረዳት ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ያሻል። ዘመናዊው የሙዚቃ ጓድ በአገራችን የተወለደው በመንግሥት ጉያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት የነሐስ መሣሪያ ነፉ። ከእነሱ በኋላ የክቡር ዘበኛው፣ የጦር ሠራዊቱና የፖሊሱ ኦርኬስትራዎች ተተኩ። ሙዚቀኛው የደንብ ልብስ ለባሽና ደመወዝተኛ ነበር፤ የሚነፋው ትራምፔት እንደ ጠመንጃው ሁሉ የመንግሥት ንብረት ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የምሽት ክበቦች ሲበራከቱ ሙዚቀኛው ከሰፈሩ ወጣ። ይሁን እንጂ ነፃ ወጣ ለማለት ያስቸግራል። በየክበቡ የነበረው ኦርጋን፣ ጊታርና ከበሮ የክበቡ ባለቤት ነበር። ከባለቤቱ ጋር የተጣላ ሙዚቀኛ ባዶ እጁን ይወጣል።

ዋልያስ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ ቬነስ በተባለው ክበብ አብረው ይሠሩ በነበሩ ሙዚቀኞች ነው። ከመካከላቸው የኦርጋን ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1946 በሸዋ ተወልዶ፣ በአሥር ዓመቱ ገደማ አዲስ አበባ ገብቶ፣ ገና በልጅነቱ የጦር ሠራዊቱን ሙዚቃ ክፍል የተቀላቀለ ነው። አኮርዲዮንን ያጠናው በራሱ ነው። እነዚህ ወጣቶች ካደረጉት ሁሉ እኔን ይበልጥ የሚደንቀኝ ከዜማ ጋር የማይገናኝ የሚመስለው ውሳኔያቸው ነው፤ ገንዘባቸውን አዋጥተው የራሳቸውን መሣሪያ ገዙ። በዚያ ዘመን ይህን ካደረጉት የመጀመሪያዎቹ መካከል ናቸው። መሣሪያው የራሱ የሆነ ሰው የሚጫወተውን ዜማ ይመርጣል፤ የሚጫወትበትንም ቤት ይመርጣል። እነሱም እ.ኤ.አ. በ1969 የተከፈተውን የአዲስ አበባ ሒልተንን መረጡ፤ ለአሥር ዓመት ያህልም በዚያ ተጫወቱ።

ስማቸውንም ልብ ይሏል። ዋልያ ከኢትዮጵያ ሰሜን ተራሮች በቀር በዓለም ላይ የትም አይገኝም። ያው እንስሳ በባዕድ ስሙ አይቤክስ ይባላል፤ አይቤክስ ባንድም የዘመኑ ሌላው ታላቅ ባንድ ነበር። ከዚያው ከአይቤክስ የወጣው ቡድን ደግሞ የላሊበላን ጥንታዊ ስም ይዞ ሮሃ ተባለ። መሣሪያው ከባሕር ማዶ የመጣ ነው፤ ስሙንና ቅኝቱን ግን ከገደሉና ከውቅሩ ቤተ ክርስቲያን አገር ወሰዱ። ዋልያስ እ.ኤ.አ. በ1975 ያወጣው ካሴት እንኳ ርዕሱ «ትዝታ» ነው። ለዘመናት በክራርና በመሰንቆ የኖረውን ቅኝት የኃይሉ ኦርጋን ያለ ዘፋኝ ሲያንጎራጉረው ይሰማል።

አብዮቱ በ1966 ዓ.ም. ፈነዳ፤ ሰዓት እላፊም ታወጀ። የምሽት ክበብ ኑሮው በሌሊት ነውና ያበቃለት ይመስል ነበር። ሆኖም ሌላ መላ ተገኘ። ሰዓት እላፊው ከመድረሱ በፊት ወደ ሆቴሉ የገባ ሰው እስኪነጋ አይወጣም፤ ባንዱም እስኪነጋ ይጫወታል። የሌሊቱ ርዝመት የጨዋታው ርዝመት ሆነ። አንድን ዜማ ሳይቸኩሉ ማዞር፣ ማጠፍና መዘርጋት የሚችል ጓድ የተፈተነው በእነዚያ የማያልቁ ሌሊቶች ይመስለኛል።

እዚህ ላይ ብዕሬ ይከብደኛል። «ቼ በለው» የወጣበት 1977 ቀይ ሽብር የነገሠበትና የሶማሊያ ጦር አገር የወረረበት ዓመት ነው። ሰዓት እላፊው ሲያበቃ ከሆቴሉ የወጣው ጨፋሪና በየመንገዱ የወደቀውን የልጇን ሬሳ የምትፈልገው እናት የሚሄዱት በአንዲት ከተማ፣ በአንድ ጠዋት ነው። ይህን እያወቅሁ የዚያን ዘመን ሙዚቃ «ወርቃማ» ብሎ ማለፍ አይሆንልኝም። አንዳንድ ወዳጆቼ «ሕዝብ ሲያልቅ እነሱ ይነፉ ነበር» ይላሉ። እኔም ለጊዜው እንዲሁ አስቤ ነበር።

ሐሳቤን የለወጠው የአባቴ አንድ ንግግር ነው። በዚያን ጊዜ የሃያ ሁለት ዓመት ጎረምሳ ሆኖ በቄራ አካባቢ ከጓደኞቹ ጋር በአንዲት ክፍል ይኖር ነበር። የሒልተንን ደጃፍ አልረገጠም፤ ገንዘቡም ልብሱም አይፈቅድለትም። ሙዚቃው ግን ከሸክላ ወደ ካሴት እየተቀዳ እሱም ዘንድ ደረሰ። አንድ ቀን በጨዋታ መካከል እንዲህ አለኝ፤ «ማታ በር ዘግተን፣ ድምፁን ዝቅ አድርገን እንሰማው ነበር። ዘፈን ስትከፍት ሰሚው ግጥሙን ወደ ፈለገው ይተረጉምብሃል። ሙዚቃ ብቻ ሲሆን ግን ማን ምን ይላል?»

ያኔ «ብቻ» የምትለውን ቃል ተረዳኋት። እኔ ጉድለት መስላኝ ነበር፤ ለእሱ ግን መጠለያ ነበረች። በዚያ ዘመን ግጥም በሳንሱር በኩል ያልፍ ነበር። ሳንሱር ለቃል እርሳስ አለው፤ ለሳክስፎን ግን ምን ይሰርዝበታል? ፈረስን የሚያስጋልበው «ቼ በለው» የሚለው ርዕስ ራሱ ወዴት እንደሚያስጋልብ ማን ይጠይቀዋል? መሪ ድምፃዊ የሌለው አልበም በአገራችን ዛሬም ብርቅ ነው። በዚያ ዘመን መውጣቱ ለሚያዳምጥ ሰው ሐሳቡን የሚያስቀምጥበት ባዶ ቦታ ሰጥቶታል። ስለ ሞተ ጓደኛ ማልቀስ በተከለከለበት ጊዜ፣ ማንም የማይመረምረው ዜማ ለቅሶን ደብቆ ይይዛል። ሬሳው ያለው ከበሩ ውጭ፣ ጭፈራው ደግሞ ከበሩ ውስጥ ብቻ አልነበረም፤ በቄራዋ ክፍል ሁለቱም በአንድ ላይ ነበሩ።

ወደ ባንዱ ልመለስ። እ.ኤ.አ. በ1981 ዋልያስ ከማህሙድ አህመድና ከጌታቸው ካሣ ጋር አሜሪካን ለመዞር ተነሣ፤ ይህን ጉዞ ያደረገ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ዘመናዊ ባንድ ነው። አድማጩ በአብዛኛው አገሩን ጥሎ የተሰደደ ሐበሻ ነበር፤ አዳራሾቹም ሁልጊዜ አልሞሉም። ጉዞው ሲያበቃ ባንዱ ለሁለት ተከፈለ። ኃይሉ መርጊያ፣ ግርማ በየነ፣ ሞገስ ሀብቴና መላከ ገብሬ በዚያው ቀሩ፤ ዙላ የተባለ ባንድም አቋቋሙ። የተመለሱት የዋልያስን ስም ይዘው በአዲስ አበባ እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ ዘለቁ።

የቀሩት ሰዎች ዕጣ ለልቦለድ የሚበቃ ነው። ኃይሉ እ.ኤ.አ. በ1985 በዋሽንግተን አኮርዲዮኑን፣ ኤሌክትሪክ ፒያኖውን፣ ሲንተሳይዘሩንና የከበሮ ማሽኑን ብቻውን ተጫውቶ አንድ ካሴት ቀዳ። ከዚያ በኋላ ታክሲ ነጂ ሆነ። በዳላስ አውሮፕላን ማረፊያ ተሳፋሪ ሲጠብቅ፣ ከመኪናው የዕቃ መጫኛ ትንሽ ኪቦርዱን አውጥቶ በኋላ ወንበር ላይ ይለማመድ ነበር። ያሳፈራቸው መንገደኞች የሚነዳቸው ማን እንደሆነ አላወቁም። የአያሌ ዘፈኖች አቀናባሪ የሆነው ግርማ በየነም ሙዚቃን ትቶ በነዳጅ ማደያ ሠራ።

በዚህ መካከል ዜማው ብቻውን ይዞር ነበር። በ1990ዎቹ መጨረሻ የፈረንሣዩ ፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮጲክስ» የተሰኙትን ተከታታይ አልበሞች ማሳተም ሲጀምር፣ የዋልያስ ሥራም ወደ ዓለም ጆሮ ደረሰ። «አይዘር ኦርኬስትራ» የተባለው የቦስተን ጓድ እ.ኤ.አ. በ2000 «ሙዚቃዊ ስልት»ን በራሱ አልበም ላይ ተጫወተው። እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ ብራያን ሺምኮቪትስ የተባለ አሜሪካዊ ካሴት አሳሽ ባሕር ዳር ከተማ ውስጥ የኃይሉን የ1985 ካሴት አገኘ፤ ባለቤቱንም ፈልጎ ደወለለት። ካሴቱ በዚያው ዓመት እንደገና ታተመ። በ2014 «ቼ በለው» ተከተለ፤ «ትዝታ»ም በ2021። የታክሲው ሹፌር በሰባ ዓመቱ አካባቢ ወደ መድረክ ተመለሰ፤ በ2018 «ላላ በሉ»ን፣ በ2020 «የኔ ምርጫ»ን አወጣ። ግርማ በየነም በ2017 ከፈረንሣዩ አካሌ ውቤ ባንድ ጋር አዲስ አልበም አሳተመ።

ይህን ሳነብ ደስታና ሐፍረት ተቀላቅለው ተሰሙኝ። ካሴቱ የነበረው ባሕር ዳር ነው፤ የአባቴም በመካኒሳ ቤታችን፣ በቁም ሣጥኑ ሥር ነበር። ያልጠፋ ነገር ተገኘ ተባለ። የጠፋው የባለቤቱን ስም የሚጠይቅ ሰው ነበር። እኛ ቃል ወዳዶች የዘፋኙን ስም፣ አልፎ አልፎም የገጣሚውን እናስታውሳለን። የማህሙድን «እሬ መላ መላ» ያልሰማ የለም፤ በዚያ ዘፈን ውስጥ የአይቤክስ ልጆች መኖራቸውን ስንቶቻችን እናውቃለን? የአንድ ባንድ ዕድሜ ከተመሠረተበት እስከ ተበተነበት ያለው ብቻ አይመስለኝም። ስማቸው እየተጠራ የሚደመጡበት ዘመን ሁሉ የእነሱ ዕድሜ ነው፤ ስማቸው ተረስቶ ዜማቸው የተሰማባቸው ዓመታት ግን ያልተከፈለ ዕዳ ናቸው።

ባለፈው እሑድ ካሴቱን አወጣሁት። አባቴ የለጠፋትን ወረቀት አልነካኋትም። በስተጀርባው ሌላ ወረቀት ለጥፌ እንዲህ ጻፍኩ፦ ኃይሉ መርጊያ፣ ኦርጋን። ግርማ በየነ፣ ፒያኖ። ሞገስ ሀብቴ፣ ሳክስፎንና ዋሽንት። ዮሐንስ ተኮላ፣ ትራምፔት። ማህሙድ አማን፣ ጊታር። መላከ ገብሬ፣ ቤዝ ጊታር። ተማረ ሐረጉ፣ ከበሮ። ሙላቱ አስታጥቄ፣ ቫይብራፎን።

ከዚያም ማጫወቻውን ከፈትኩት። ዘፋኙ መቼ እንደሚገባ አልጠየቅሁም።