የጠላቂ ፍለጋና አደጋው (ካፋ)

የጠላቂ ፍለጋ በውሃ የተወሰደን ሰው አስከሬን የአየር ሲሊንደር ተሸክሞ የማውጣት ሥራ ነው። ካፋን ከጅማ የሚያዋስነው የጎጀብ ወንዝ በክረምት ሞልቶ ይደፈርሳል፤ እንዲህ ባለ ውሃ ጠላቂ የሚፈልገው በዳሰሳ ነው፣ ግንድና ሥርም ሊይዘው ይችላል። የካፋ ከተማ ቦንጋ ከባሕር ወለል 1,700 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል የአየር ግፊቷ ዝቅተኛ ነው፤ ለባሕር የተሰላ፣ ጠላቂ ከጥልቀት በምን ፍጥነት እንደሚወጣ የሚያሳይ ሰሌዳ ሳይስተካከል አያገለግልም። ቸኩሎ የወጣ ሰው ሰውነቱ ውስጥ ናይትሮጅን አረፋ ሆኖ ሽባ ሊያደርገው፣ ሊገድለውም ይችላል። ትንፋሽን ይዞ መውጣት ደግሞ ሳንባን ሊቀድ ይችላል።

እንዲህ ያለ ፍለጋ በባሕርም ይደረጋል፤ ጥር 17 ቀን 2002 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 409 ቤሩት አጠገብ ባሕር ውስጥ ወድቆ 90ውም ተሳፋሪዎችና ሠራተኞች ሲሞቱ፣ አስከሬን ፍለጋው ላይ የሊባኖስ ጦር ጠላቂዎች ተሰማርተዋል። ለሐዘንተኛ ቤተሰብ አስከሬን ማግኘት ትልቅ ነገር ነው፤ ሥልጠናና ከዳር ሆኖ ገመዱን የሚይዝለት ሰው የሌለው ዋናተኛ ግን ውሃው ውስጥ ፈጽሞ መግባት የለበትም።